ሞተር ሁለት ጊዜ ተማርኩ፤ አንዴ ደሴ፣ አንዴ ኮምቦልቻ

መንጃ ፈቃዴን በወሰድኩ በአራተኛው ቀን ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ከሞተር ወደቅኩ። ክፉ አልነካኝም። ጉልበቴ ተላጠ፣ የሞተሩ የግራ ፍሬቻ ተሰበረ፣ ሱሪዬ ደግሞ ለመወልወያ ዋለ። ከቁስሉ በላይ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ሳር ተሸክመው የሚያልፉ እናት ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆም አሉና "ውይ ልጄን! ማን ነው እዚህ ላይ ያወጣሽ?" አሉኝ።

ያወጣኝ ደሴ ያለ አንድ ማሰልጠኛ ነው። ገንዘብ ከፍዬ፣ ፈተና አልፌ፣ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዤ ነው የወደቅኩት። ከዚያ በኋላ ድጋሚ ከፍዬ ኮምቦልቻ እንደ አዲስ ተማርኩ። ሁለቱንም ቀምሻለሁ ማለት ነው። ስማቸውን አልጠራም። የአንደኛውን ጠርቼ ስም አጠፋሽ መባል አልፈልግም፣ የሁለተኛውን ጠርቼ ደግሞ ስንት ከፈሉሽ መባል አልፈልግም። ምን እንደሚመስሉ ልንገራችሁና እናንተ ከተማ ያሉትን በዚያ ለዩዋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑሮዬ ደሴ ነው፣ ስራዬ ተሁለደሬ ወረዳ፣ የእንስሳት ጤና። ቀበሌ ለቀበሌ መዞር አለ፣ ክትባት ይዞ መውጣት አለ። ለክፍላችን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ነበረችና ኃላፊው አንድ ቀን "ወይ መንጃ አውጪ፣ ወይ በእግርሽ አዝግሚ" አለኝ። ሞተር ላይ ከዚያ በፊት የተቀመጥኩት ከኋላ ነው፣ እሱንም አይኔን ጨፍኜ።

መጀመሪያ የመጣው ወንድሜ ነው። "አብሽሪ፣ ምን ማሰልጠኛ ያስፈልጋል? እኔ በሁለት ጠዋት አስነዳሻለሁ" አለ። እሱን ያስተማረው ጓደኛው ነው፣ ጓደኛውን ደግሞ ሌላ ጓደኛ። ሰንሰለቱ የት እንደሚጀምር ማንም አያውቅም። ከወደቅኩ በኋላ ነው ያነበብኩት እንጂ፣ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን አንድ በአንድ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ጥናት አለ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶዎቹ ወይ ራሳቸውን ያስተማሩ ወይ ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ነበሩ። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚማረው በዚያው መንገድ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፣ ክርክሩም መልካም ነው። እኔ ግን ለወንድሜ አሳየሁት። "እነሱ መንገዳቸው ሰፊ ስለሆነ ይፈጥናሉ" ብሎ አለፈው።

ወደ ደሴው ልሂድ። ዋጋ አልጽፍም፣ ጽፌ ሳልጨርስ ይጨምራል። ርካሽ ነበር፣ ለቤቴም ቅርብ ነበር፣ የመረጥኩትም ለዚህ ብቻ ነው። ምዝገባው ፈጣን ነው፤ አይን ታየሁ፣ ፎቶ ሰጠሁ፣ አለቀ። ለሞተር ሳይክል ራሱን የቻለ የመንጃ ምድብ ስላለ ከአውቶሞቢል ሰልጣኞች ጋር የምንገናኘው ክፍል ውስጥ ነው።

ቲዎሪውን አልነቅፍም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የተማርኩት። የአሽከርካሪ ስነ ባህሪ፣ የመንገድ ትራፊክ ህግ፣ የተሽከርካሪ ቴክኒክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ። የመጀመሪያ እርዳታ ያስተማረን ልጅ የወደቀ ሞተረኛ ስታገኙ ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፣ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ መተንፈስ ካልቻለ በስተቀር አትንኩት ብሎ መሬት ላይ ተኝቶ አሳይቶናል። ሸሚዙ ነጭ ነበር። እንዲህ ያለ አስተማሪ ይባረክ።

ችግሩ የተጀመረው ሜዳው ላይ ነው። ሰልጣኙ አስራ አንድ፣ ሞተሩ አንድ። ወረፋ ይዘን እንቆማለን፣ ተራችን ሲደርስ ሁለት ዙር፣ ከዚያ ወርደን ደግሞ ወረፋ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሶስት ጊዜ ከደረሰኝ እድለኛ ነኝ። አሰልጣኙ ባህር ዛፍ ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል፣ ሰው ሲወድቅ ቀና ይላል። የሞተሩ የፊት ፍሬን መያዣ ላልቶ ስለነበር እንዳይንቀጫቀጭ በካላማዳሪያ ቁራጭ ከመሪው ጋር ታስሯል። ታስሯል ስላችሁ፣ ብትፈልጉም መያዝ አትችሉም። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኩ።

"የፊቱን ፍሬን እርሺው እህቴ። እሱ ሰው ይደፋል።"

ይቺን አረፍተ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ትምህርቱ በሙሉ ስምንት ቁጥር ነው። ፈተናው እሱ ስለሆነ። ኮኖቹ ተደርድረዋል፣ እግር ሳታወርድ በመካከላቸው ስምንት ትሰራለህ። እውነቱን ለመናገር ስምንት ቁጥር ቀላል አይደለም፣ የሚናቅም አይደለም። ፍሪሲዮኑን፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን የግራ እጅ መያዣ፣ በግማሽ ይዘህ፣ ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው ከሚዞርበት) ትንሽ ከፍ አድርገህ፣ የኋላውን ፍሬን በእግርህ ዳበስ እያደረግክ፣ አይንህን ከጎማው አንስተህ ወደምትዞርበት ኮን ትልካለህ። አይኔን ጎማው ላይ በተከልኩ ቁጥር ኮን ገጭቻለሁ። ቀና ባልኩበት ቀን ዞረልኝ። ይሄን ያሳየችኝ አብራኝ ወረፋ የቆመች ልጅ ናት እንጂ አሰልጣኙ አይደለም።

አለፍኩ። ቤት ቡና ተፈላ። ማርሹን ከሁለተኛ በላይ አስገብቼ አላውቅም ነበር። አስፋልት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሰው ጭኜ፣ ዝናብ ላይ፣ ዳገት ላይ ተነስቼ አላውቅም። ወረቀቱ ግን መንዳት ትችላለች ይላል።

አሁን አወዳደቄን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ማሰልጠኛው ያላስተማረኝን ሁሉ አስተምሮኛል። ደሴ የሰለጠንኩበት ሞተር አንዳንድ ትንንሽ የህንድ ሞተሮች እንደሚሰሩት ማርሹ በሙሉ ወደ ታች ነው። በእግር ጣትህ ወደፊት ረገጥ ረገጥ እያደረግክ ትጨምራለህ። ያማሃዋ ግን አንደኛ ማርሽ ብቻ ነው ወደ ታች፣ ከሁለት እስከ አምስት በእግር ጣት ወደ ላይ እያነሳህ ነው። ይሄ ልዩነት መኖሩን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? የሌለኝን እውቀት እንደሌለኝ በምን አውቃለሁ? ቁልቁለት ላይ ሶስተኛ ማርሽ ላይ ነኝ፣ አራተኛ ላስገባ ብዬ እግሬ በለመደው ወደ ታች ረገጥኩ። ሁለተኛ ገባ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ጮኸ፣ ከኋላ የያዘኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ደነገጥኩና በቀኝ እግሬ የኋላውን ፍሬን በሙሉ ክብደቴ ቆምኩበት። ዝናብ ያወረደው አሸዋ አስፋልቱ ላይ ነበር። የኋላ ጎማ ቆልፎ እንደ ሳሙና ሄደ። የቀኝ እጄ አራት ጣቶች በዚያ ሁሉ ጊዜ የፊት ፍሬኑን አልነኩትም። ተነግሯቸዋላ፣ ይደፋል ተብለዋል።

ያ የሎስ አንጀለሱ ጥናትም ይሄንኑ ነው የሚለው። ነጂዎቹ ሲደነግጡ የኋላውን ከልክ በላይ ረግጠው ይንሸራተታሉ፣ የፊቱን ደግሞ አይጠቀሙበትም። ስንቱ ሰው እንደኔ "እርሺው" ተብሎ ይሆን።

የኮምቦልቻውን የነገረችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት። እሱም ፈቃድ ያለው ማሰልጠኛ ነው፣ ግን መንጃ ላለው ሰው በሰዓት ሂሳብ ተጨማሪ ልምምድ ይሰጣል። ወላጆቼ "መንጃ ይዘሽ ደግሞ ምን ትምህርት?" አሉ። ባልደረባዬ እዚያ ስትማር ከኋላ ሰው ጭና ዳገት ላይ መነሳት ተለማምዳለች። እኔ ደሴ ላይ ዳገት የሚባል ነገር አላየሁም፤ ደሴ ላይ! ከተማው ሁሉ ዳገት የሆነበት አገር ላይ አንድ ሜዳ ፈልገው አስተማሩን።

የኮምቦልቻው አሰልጣኝ ጸጉራቸው የሸበተ ጋሼ ናቸው። ስደርስ መጀመሪያ የጠየቁኝ "የምትነጃት ሞተር የትኛዋ ናት?" ብለው ነው። ያማሃ ኤጂ ስላቸው "እሷን ይዘሽ ነይ፣ በሰው ጫማ ዳንስ አይለመድም" አሉ። መስሪያ ቤት አስፈቅጄ፣ ወንድሜ ነድቶ አወረዳት።

የመጀመሪያው ቀን ሞተር አልተነሳም። ተናድጄ ነበር፣ በሰዓት ነው የምከፍለው። ገፍቼ ሜዳውን ዞርኩ፣ አስተኝቼ አነሳሁ፤ ጀርባን ሰጥቶ መቀመጫውንና መሪውን ይዞ በእግር ጉልበት መግፋት ነው፣ ወገብ አይነካውም። ካቴናውን ከስር በጣቴ ገፋ አድርጌ ሁለት ሶስት ሳንቲም ሜትር ያህል መላላቱን አየሁ። ጎማ ዳበስኩ። ፍሬን ገመዶቹን ጫፍ ጫፋቸውን ተመለከትኩ። ማርሹን ቆማ ባለችበት ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እያልኩ እግሬ እስኪረሳው ድረስ አስገባሁ። እግሬ የደሴውን ሞተር ለመርሳት አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጅቶበታል።

በሁለተኛው ቀን መሬት ላይ በኖራ ሁለት መስመር ሰመሩ። ከዚህ ተነስተሽ ሁለተኛ አስገቢና እዚህ ስትደርሺ በፊቱ ፍሬን ብቻ አቁሚ አሉኝ። እጄ እምቢ አለ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። መስመሩን አልፌ፣ ሜዳውን ጨርሼ አጥር አጠገብ በእግሬ ቆምኩ። ጋሼ መጡና ስራዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ታዲያ ላም ታልቢያለሽ?"

"አልባለሁ እንጂ።"

"ጡቷን ትመነጭቂያታለሽ?"

"ኧረ ትረግጠኛለች!"

"በቃ። ሞተርም ትረግጥሻለች። ያዝ፣ ጠበቅ፣ ጠበቅ። ጎማው መሬቱን ሲቆናጠጥ ይሰማሻል፣ ያኔ ጨምሪ።"

በሶስተኛው ሙከራ ኖራው ላይ ቆምኩ። በአስረኛው ከኖራው በፊት። ምስጢሩ ክብደት ነው። ፍሬን ስትይዙ የሞተሩም የእናንተም ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ የፊት ጎማው መሬቱ ላይ ይጫናል፣ የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ለመንሸራተት ምክንያት አይፈልግም። ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆሚያው ጉልበት ወደ 70 በመቶ የሚሆነው ከፊት ነው የሚመጣው። እኔ በመንጃዬ ላይ 30 በመቶ ፍሬን ይዤ ነበር ሐይቅ የሄድኩት።

የደሴውን አሰልጣኝ ግን ሙሉ በሙሉ ውሸታም ማለት አልችልም፣ ይሄንንም ጋሼ ናቸው ያስረዱኝ። ስምንት ቁጥር ውስጥ፣ መሪው ተጠምዞ፣ ሞተሩ ዘንበል ብሎ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት ላይ የፊቱን ብትይዙ እውነትም ይደፋችኋል። እዚያ ውስጥ ምክሩ ትክክል ነው። ጥፋቱ ለኮኖቹ የተባለውን ለአስፋልት ማድረጉ ነው። ለፈተናው የሚጠቅመው መንገድ ላይ የሚጎዳ ሲሆን ደግሞ ሰልጣኙ በምን ይለየዋል? ሁለቱን ሜዳ ያየ ሰው ነው የሚለየው።

ዘመዴ አሜሪካ ናት፣ እሷም እዚያ ተምራለች። ሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን የሚባል፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያለ ድርጅት ያዘጋጀው የጀማሪ ኮርስ ነው። ትንንሽ ሞተር ኮርሱ ራሱ ያቀርባል፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ይማራሉ፣ በብዙ ግዛቶች ኮርሱን ያለፈ የመንጃ ክፍሉ የተግባር ፈተና ይነሳለታል። እነሱም ሁለቱን ፍሬን አንድ ላይ መያዝ የሚያስተምሩት ገና ከጅምሩ ነው። ስልክ ላይ ስለ ካላማዳሪያው ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔ ግን ስለ ቁልቁለቱ ስጠይቃት "እዚህ ቁልቁለት የለም፣ ሜዳ ነው" አለችኝ። እንግዲህ እኛ በዚህ እንበልጣቸዋለን።

ለኮምቦልቻው ሙሉ ነጥብ የሰጠሁበትን ቀን ልንገራችሁ። የመጨረሻው ቀን ነው፣ ደሴ ወጥተን ወደ ኮምቦልቻ የምንወርድበት። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 600 ሜትር ትወርዳላችሁ፣ ጦሳ ተራራ ስር ብርድ ለብሳችሁ ተነስታችሁ ቦርከና ወንዝ ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ ወደ ባቲና ሚሌ የሚሄደው ሲኖ ትራክ፣ አህያው፣ ሁሉም እዚያው ላይ ነው። ጋሼ በራሳቸው ሞተር ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሳይነሱ ሁለት ነገር ነገሩኝ። ማርሽሽን ኩርባው ሳይደርስ ቀንሺ፣ ፍሬንሽን ኩርባው ሳይደርስ ጨርሺ። ኩርባው ውስጥ የምትሰሪው ማየት ብቻ ነው፣ መውጫውን።

ያማሃዋ ዘይትና ነዳጅ አብራ የምታቃጥል ቱ ስትሮክ ናት። እንዲህ ያለ ሞተር ማርሽ ሲቀንሱለት እንደ ሌላው አጥብቆ አይዝም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ የእኔዋ ፍሬን ደግሞ የፊቱም የኋላውም በታምቡር ነው፣ ጎማው መሃል ባለው ክብ ብረት ውስጥ ሸራ እየተጫነ የሚይዝ። መሃል መንገድ ላይ ጋሼ ፍሬቻ አሳዩና ዳር ይዘን ቆምን። ከላስቲክ ጠርሙሳቸው ትንሽ ውሃ በእጃቸው ይዘው የኋላው ታምቡር ላይ ጠብ አደረጉ። ጭስ አለ። እንደ ምጣድ። "እግርሽን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሽም ማለት ነው" አሉኝ። አላነሳሁም ነበር፣ ሳላውቀው በስሱ ረግጬው ነው የወረድኩት። ሸራው እንዲህ ሲግል መያዙን ይተዋል፣ የሚተወውም በጣም በምትፈልጉት ኩርባ ላይ ነው። ያዝ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ እንዲተነፍስ። ከዚያ በኋላ ባለው ኩርባ ሁሉ እግሬን እንደ ልጅ እየጠበቅኩ ነው የወረድኩት።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል የሚለውን ደሴ ቲዎሪ ላይ ተምሬው ነበር፣ ፈተናውም ላይ መልሼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን አንድ ሲኖ ኩርባው ላይ መስመሬን ይዞ ሲመጣ፣ እኔም ቀስ ብዬ ስለነበር ዳር ይዤ ስቆም ነው።

የኮምቦልቻው እንከን የለውም እንዳትሉኝ። አለው። ጋሼ ሁልጊዜ ያረፍዳሉ፣ አንድ ቀን አርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠብቄያለሁ። ሜዳው ላይ ጥላ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፤ ለወንዶቹ ምንም አይደለም፣ ለኔ ግን ነው። የሌሊት መንዳት አያስተምሩም። ለሰልጣኝ የሚሰጡት ሄልሜት ደግሞ ያሳፍራል። ማሰሪያው የተበጠሰ፣ የፊት መስታወቱ ተፍቆ ጉም የመሰለ፣ ውስጡ የስንት ሰው ላብ የጠጣ። የደሴው በዚህ ይሻላል ብዬ እንዳልመሰክርለት እዚያ ጭራሽ ሄልሜት አልነበረም። ሄልሜት የመሞት እድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ አለ፤ ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት ግን ከራስ ላይ በርሮ ይሄዳልና ባርኔጣ ነው። የራሳችሁን ግዙ። እኔ ሻሼን ስስ አድርጌ ከስር አስራለሁ፣ ወፍራም ከሆነ ሄልሜቱ ይላላል።

ገና ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ቢሮ ገብታችሁ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሜዳው ድረስ ሂዱና ቆማችሁ እዩ። ስንት ሰው በአንድ ሞተር እንደሚሰለፍ ቁጠሩ። አሰልጣኙ ቆሟል ወይስ ተቀምጧል? ከዚያ ሞተሩ ጋ ጠጋ በሉና የፊት ፍሬኑን መያዣ ጨብጡት። ከሰራ ጥሩ ምልክት ነው። አስፋልት ታወጡናላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ዳገት ላይ ታስነሱናላችሁ ወይ በሉ። "እሱ ከመንጃ በኋላ ነው" ካሏችሁ ሁለተኛ እንደምትከፍሉ እወቁት። የሁለቱ ዋጋ ልዩነት እኔ ለፍሬቻው፣ ለሱሪውና ለሁለተኛው ስልጠና ካወጣሁት ጋር አይደርስም።

ለኮምቦልቻው ከአምስት አራት እሰጣለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለሄልሜቱና ለማርፈዱ ነው። ለደሴው ሁለት፣ ሁለቱም ለመጀመሪያ እርዳታው ልጅ። ወደ ኮምቦልቻ የምትሄዱ በጠዋት ውረዱ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ሜዳው አይቻልም። ውሃ ያዙ፣ ሱሪና የሚሸፍን ጫማ ልበሱ፣ ጃኬት ደግሞ ደሴ ስትመለሱ ያስፈልጋችኋል። ጋሼ ሁለት ሰዓት ካሉ ሁለት ተኩል ድረሱ።